ጀርባ የሌለው ፎቶ

በቀደም ዕለት አንድ የግጥም ወዳጄ ከሥራ በኋላ ሻይ ልንጠጣ ተገናኝተን ሳለ፣ ከቦርሳዬ ያወጣሁትን ደብተር አገላብጦ አየና ሳቀብኝ። ደብተሩ ግጥም የለበትም። ቃላት ብቻ በፊደል ተራ ተደርድረውበታል፤ ለቅሶ፣ ልደት፣ መስቀል፣ ሠርግ፣ ክርስትና፣ ጥምቀት… እያለ ይቀጥላል። በኮምፒውተሬ ውስጥ ላሉት ፎቶግራፎች የምሰጣቸው ቁልፍ ቃላት ዝርዝር ነው። ወዳጄ «ቀኑን ሙሉ ባንክ ቤት ሰነድ ስትደረድር መዋልህ አልበቃ ብሎህ፣ ማታ ደግሞ የዘመዶችህን ፊት ትመዘግባለህ? ይሄን እኮ ማሽኑ ራሱ ይሠራዋል!» አለኝ።

በዚያች ሰዓት የረባ መልስ አልሰጠሁትም። መልሴ ይህ ጽሑፍ ነው። ለእርሱ ብቻም አይደለም፤ ስለ ቃል ክቡርነት ሌት ተቀን እየተከራከርን የገዛ ቤታችንን ፎቶግራፎች ያለ አንዲት ቃል ለምንተወው ለሁላችንም ነው።

የድሮው ፎቶ ጀርባ ነበረው። ጀርባው ላይ የፎቶ ቤቱ ማኅተም ይኖራል፤ ከማኅተሙ ሥር በእስክሪብቶ «ለማስታወሻ ያህል» ይባልና የሰጪው ስም፣ የተቀባዩ ስም፣ ቀኑና ዓመተ ምሕረቱ ይሰፍራል። የደፈረ ሁለት ስንኝ ይጨምርበታል። ቤቱ ባይመታም፣ ምጣኔው ቢሰበርም፣ ሰጪው ተጨንቆ የጻፈው ለመሆኑ ስርዝ ድልዙ ይመሰክራል። እነዚያ የፎቶ ጀርባዎች ከሥነ ጽሑፋችን ማንም ያልሰበሰበው አንድ ዘርፍ ናቸው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም። እናቴ በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀመጠቻቸው ነበሯት። ከእነርሱ አንዱ «ሐምሌ 1974 ዓ.ም.» የሚል ሲሆን፣ የአራት ልጃገረዶች ስም ከግራ ወደ ቀኝ ተጽፎበታል። ሁለቱን በሕይወቴ አይቻቸው አላውቅም። ስማቸውን ግን አውቃለሁ።

የዛሬው ፎቶ ግን ፊት ብቻ ነው። ኮምፒውተሬ ውስጥ ከ11,000 የሚበልጡ ፎቶግራፎች አሉ፤ ካሜራውና ስልኩ ያወጡላቸው ስም «አይኤምጂ 4471» የሚል ዓይነት ነው። ይህ የእስረኛ ቁጥር እንጂ ስም አይደለም።

ዋጋውን የከፈልሁት በ2013 ዓ.ም. ነው። እናቴ ከማረፏ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ አጠገቤ ተቀምጣ ፎቶ ስናይ፣ በአንዲቱ ላይ ጣቷን አሳረፈችና «ስሞት ይህችን አድርጉልኝ፤ እዚህ ላይ ደስ ብሎኛል» አለችኝ። «ምን ታሟርቻለሽ!» ብዬ ተቆጥቼ አለፍሁት። ያረፈች ሌሊት የእድር ሰዎች ከደጅ ድንኳን ሲተክሉ፣ እኔ ኮምፒውተር ላይ ተጎንብሼ ያቺን ፎቶ ስፈልግ ነጋብኝ። ፊት ይለያል የተባለው የስልኬ ፕሮግራም እናቴንና ታናሽ እህቷን አንድ ሰው አድርጎ አከማችቷቸው ነበር። በመጨረሻ ለመታወቂያ የተነሣችውን ጉርድ ፎቶ አስጎላን። ለቀስተኛው ሁሉ ሦስት ቀን ሙሉ ፊቷን አኮሳትራ ከምታይ፣ እኛ ከማናውቃት ሴት ፊት ተቀምጦ አለቀሰ።

የመረጠቻት ፎቶ ከአርባዋ በኋላ ሌላ ነገር ስፈልግ ተገኘች። «ኒው ፎልደር 3» በሚባል ስፍራ ነበረች።

በባንክ ሥራ ማብራሪያ የሌለው ሰነድ አይመዘገብም። ገንዘብ ገብቶ የማን እንደሆነ ካልታወቀ፣ ባለቤቱ እስኪገኝ በተለየ ሂሳብ ይቆያል፤ አለቃም «ይህ የማን ነው?» እያለ ይወተውተናል። ለማያውቀው ሰው ገንዘብ ይህን ያህል የምጠነቀቀው እኔ፣ እናቴን ግን ባለቤቱ እንዳልታወቀ ገንዘብ ሰባት ዓመት አስቀምጫታለሁ። ስለዚህ ወዳጄ «የጸሐፊ ሥራ» ብሎ ሲያፌዝብኝ አላፍርም። የጎደለኝ እርሱ ነበርና።

አሁን «ማሽኑ ይሠራዋል» ወደሚለው ልግባ። ማሽኑ ብዙ ነገር እንደሚሠራ አልክድም። ያቺን ፎቶ ዛሬ ባሳየው ሴት፣ ነጠላ፣ ጀበና፣ ሲኒ ብሎ ይዘረዝርልኛል። እውነቱን ነው። ፎቶዋ የተነሣችው ግን በኅዳር 2006 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ሳዑዲ ዐረቢያ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ አገር ሰዎች ማባረር ጀምራ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ150,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ከእነርሱ አንዷ እህቴ ነበረች። እናቴ ቡናውን የምትቀዳው ለእርሷ ነው። እህቴ በፎቶው ላይ አትታይም፤ የምትታየው ከጥግ ያለች፣ የአውሮፕላን ወረቀቷ ገና ያልተነቀለላት ሻንጣ ናት። በቅኔ ቋንቋ ማሽኑ ሰሙን አይቷል። ወርቁ ግን ከሥዕሉ ውጭ ስለሆነ ምን ዓይን ቢኖረው አያየውም። እኔ አሁን «ከሳዑዲ መመለስ» የሚል ቁልፍ ቃል ሰጥቻታለሁ። ከጎኑም «እናቴ የመረጠቻት» የሚል አለ።

ማሽኑ ፊት እየለየ ያከማችልኝ፤ ደስ ይለኛል፤ ድካም ያቀልልኛል። እርሱ ተሸካሚ ነው እንጂ ክርስትና አባት አይደለም። ስም ማውጣት የእኛ ፋንታ ነው።

ሁለተኛው ክርክሬ ቃሉ የሚጻፍበትን ስፍራ ይመለከታል። ብዙ ሰው ለፎቶው ስም ሰጠሁ ሲል፣ የሰጠው ለፎቶው ሳይሆን ለፕሮግራሙ ነው። ፕሮግራም ደግሞ ያልፋል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2004 የገዛው ፒካሳ በ2016 ተቋርጧል፤ የአፕል አፐርቸር ሽያጭም በ2015 ቆሟል። ጽሑፉ በፕሮግራሙ መዝገብ ውስጥ ብቻ ከተቀመጠ፣ ፎቶውን ወደ ሌላ ኮምፒውተር ስንወስደው ባዶ ጀርባውን ይዞ ይሄዳል። ላይትሩም ክላሲክ እንኳ ካላዘዝነው በቀር ቁልፍ ቃሉን የሚይዘው በራሱ መዝገብ ነው። ቃሉ ፋይሉ ውስጥ ራሱ መጻፍ አለበት። ለዚህም የዜና ድርጅቶች ፎቶ ሲለዋወጡ እንዳይደናገሩ ያወጡት አይፒቲሲ የሚባል መስፈርት፣ እ.ኤ.አ. በ2001 አዶቤ ያመጣው ኤክስኤምፒም አለ። ዲጂካምን የመሰለ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም እዚያው ፋይሉ ላይ እንዲጽፍ ማዘዝ ይቻላል። ለዘመድ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ስትልኩም አስተውሉ፤ እንደ ፎቶ የተላከ ፎቶ ይኮማተርና የተጻፈበት ይቀራል። እንደ ፋይል ከላካችሁት ግን ከነጀርባው ይደርሳል።

እዚህ ላይ የፊደል ወዳጆችን የምታስገርም አንዲት ነገር ልጨምር። በአሮጌው የአይፒቲሲ መስፈርት ለአንድ ቁልፍ ቃል የተፈቀደው ስፍራ 64 ባይት ነው። የእንግሊዝኛው ፊደል አንድ ባይት ሲበቃው፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ የገባው የእኛ ፊደል በተለመደው አጻጻፍ ሦስት ባይት ይወስዳል። 64 ለሦስት ሲካፈል 21 ፊደል ይደርሰናል። እኔ ቅር አላለኝም። ስንኝ የሚቋጥር ሰው በጠባብ ቤት መኖር ያውቃል።

ታዲያ በእንግሊዝኛ ብንጽፈው አይቀልም ወይ የሚሉ አሉ። በጎረቤቴ ኮምፒውተር ውስጥ «ዌዲንግ» የሚል አንድ ቃል 600 ፎቶ ተሸክሞ አይቻለሁ። በዚህ ቃል ሥር መልሱ የት ነው? ቅልቅሉስ? ሽማግሌዎቹ የተላኩበት ቀንስ? ተዝካርን፣ ሰንበቴን፣ ዕቁብን በምን ልትጠሩት ነው? እንዲህ ያለውን ነገር በሰው ቋንቋ የመዘገበ ሰው፣ ኋላ ሲፈልገው በየትኛው ቃል እንደሚጠራው ይጠፋዋል።

በአማርኛ ስንጽፍም የራሳችን ጣጣ አለብን። ሠርግን ዛሬ በንጉሡ «ሠ»፣ ነገ በእሳቱ «ሰ» ከጻፍሁት ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ጸሎትና ፀሎት፣ ዓድዋና አድዋም እንዲሁ። እኔ በጀማሪነቴ አንድ አጎቴን በሦስት ዓይነት «ሀ» ጽፌ ሦስት ሰው አድርጌው ነበር። ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ አይቀነሱ የሚለው ክርክር ዕድሜ የጠገበ ነውና እዚህ አልፈታውም። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው አንዱን መርጦ በእርሱ መጽናት ነው። ወዳጄ የሳቀበት ደብተር ጥቅሙ ይኸው ነው፤ አዲስ ቃል ከመጻፌ በፊት ቀድሞ በምን እንደጻፍሁት አይበታለሁ።

ዘመን አቆጣጠራችንም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። ካሜራው የሚያውቀው የፈረንጁን ቀን ብቻ ነው። «2017» ብሎ የከፈተው ፎልደር እስከ ጳጉሜን ድረስ የእኛን 2009፣ ከዕንቁጣጣሽ ወዲህ የእኛን 2010 በአንድ ያጉራል። እኔ ደግሞ «2010» ብዬ ብቻ ብጽፍ የልጅ ልጄ የቱ 2010 እንደሆነ በምን ያውቃል? ስለዚህ «2010 ዓ.ም.» ብዬ እጽፋለሁ። የሰው ስም ሲሆንም ከነአባት ስም ነው። በቤተሰባችን አንድ ስም ያላቸው ሦስት ሴቶች አሉና «አልጋ የሰጠችን እርሷ ናት» ብሎ የሚለይልን ሰው ሁልጊዜ አይኖርም።

«ጊዜው ከየት ይመጣል?» ለሚለኝ፣ 11,000ውን ሁሉ ጻፍ አላልሁም። አብዛኛው መጥፋት ያለበት ነው፤ የደበዘዘው፣ የተደጋገመው፣ የደረሰኙ ፎቶ። ከቀረው በሳምንት አንድ ምሽት 20 ፎቶ ብቻ አንሥቼ ማን፣ የት፣ ለምን፣ መቼ ብዬ እጠይቃለሁ። ከ20ው ብዙዎቹ ተመሳሳይ ስለሆኑ አንዴ የጻፍሁት ለአሥሩ ይሆናል። ወዳጄ ይህን ያህል ምሽት በእግር ኳስ ክርክር ያጠፋል።

ወዳጄ ከመለያየታችን በፊት አንድ የመጨረሻ ቃል ጣል አድርጎ ነበር። «ፎቶ ምሥጢር ሲኖረው ነው የሚያምረው፤ ስም ስትለጥፍበት ትገድለዋለህ» አለኝ። አባባሉ ለግጥም ያምራል። ሆኖም ምሥጢርና አለማወቅ አንድ አይደሉም። ምሥጢር ቢያንስ አንድ ሰው የሚያውቀው ነገር ነው። የሚያውቀው ሰው ሲያልቅ ምሥጢርነቱም አብሮ ያልቃል።

ይህን የተረዳሁት ከአክስቴ ጋር ነው። የብስኩት ቆርቆሮውን ፎቶዎች ፊትና ጀርባቸውን ወደ ኮምፒውተሩ አስገብቻለሁ። ጀርባቸው ባዶ ለሆኑት ግን ከእርሷ በቀር የቀረ ምስክር የለንም፤ ዕድሜዋ 80 አልፏል። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና ተፈልቶ አጠገቧ እቀመጣለሁ። መነጽሯን አድርጋ ጣቷን መስታወቱ ላይ ታሳርፍና «ይቺ? ይቺማ…» ብላ ትጀምራለች፤ እኔ እጽፋለሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት ግን አንዲት ከጫፍ የቆመች ልጅ ላይ ጣቷ ቆመ። ብዙ ቆየች። «የኔ ልጅ፣ ስሟ ጠፋኝ» አለችኝ፤ «አብረን ነው ውኃ የምንቀዳው፤ ስሟ ግን ጠፋኝ»። ባለፈው እሑድ ብጠይቃትም አልመጣላትም።

«ውኃ አብረው የቀዱ» ብዬ ጻፍሁ። ከዚያ በታች «ስሟ ያልታወቀ» ብዬ ጻፍሁ። ከአምስት ዓመት በፊት ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ይህች ልጅ ስም ነበራት።

ውድ አንባቢዎቼ፣ በየቤታችሁ እንዲህ ያለች አክስት፣ እንዲህ ያለ አጎት ካለ፣ በዚህ እሑድ ሂዱና አጠገባቸው ተቀመጡ። የቀረውን በዚህች በሰባራ ስንኜ ልሰናበታችሁ።

ምስሏን አስቀመጥሁ፣ ስሟን ሳልጽፍላት፤
ሳቋን አቆይቼ፣ ምክንያቱን ነፈግኋት፤
የልጅ ልጇ አይቶ፣ ማን ናት ብሎ ሲያጣት፣
ሁለተኛ ሞተች፣ እኔው ቀበርኋት።
እርሳስ አንሣ ወንድሜ፣ ጻፍ ከጀርባዋ ላይ፣
የሚያውቋት ሳያልቁ፣ ሳትጠልቅ ፀሐይ።