የኮሌጅ ክፍያ ከመከፈሉ በፊት ሊብሬው ይታይ

መኪና የሚገዛ ነጋዴ ሊብሬውን ሳያገላብጥ ቀብድ አይሰጥም። ቤት የሚገዛም ካርታው ዕዳና ዕገዳ እንደሌለበት ሳያጣራ ውል አይፈርምም። ይኸው ጠንቃቃ ሰው ልጁን የግል ዩኒቨርሲቲ ሲያስገባ ግን የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ክሬዲት አወሩ ስንት ነው?» ዋጋው ከወዲያኛው ኮሌጅ በጥቂት ብር ካነሰ ምዝገባው በዚያው አለቀ። ሣሩን አይቶ ገደሉን አለማየት ይሏል ይህ ነው።

የግል ከፍተኛ ትምህርት ዛሬ ብዙ ገንዘብ የሚንቀሳቀስበት ገበያ ሆኗል። ለአብነት ዩኒቲን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1991 በዶ/ር ፍስሐ እሸቱ የቋንቋ ትምህርት ቤት ሆኖ ተከፈተ፤ ኮሌጅ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ከግል ኮሌጆች ቀድሞ የዩኒቨርሲቲነት ማዕረግ አገኘ፤ በሚድሮክ ባለቤትነት ሥርም ገባ። ገርጂ ባለው ካምፓሱ ከአካውንቲንግና ከማኔጅመንት እስከ ኮምፒዩተር ሳይንስና አርክቴክቸር ያስተምራል። የተከሉት ባለሀብቶች ናቸው፤ የሚያቆሙት ግን ከፋዮቹ ወላጆች ናቸው። ስለዚህ ከፋዩ የመጠየቅ መብት አለው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ፈቃድን ይመለከታል። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና የሚሰጠው ለድርጅቱ ስም በጅምላ አይደለም፤ ለየትምህርት ክፍሉና ለየካምፓሱ በችርቻሮ ነው። መደበኛው፣ የማታውና የርቀቱም ለየብቻ ይታያሉ። በአንዱ ካምፓስ ለአካውንቲንግ የተሰጠ ዕውቅና በሌላው ካምፓስ ለሚሰጠው ነርሲንግ ዋስ አይሆንም። በር ላይ የተሰቀለው የዩኒቨርሲቲ ስም የንግድ ምልክት እንጂ ሊብሬ አይደለም።

ሁለተኛው የመግቢያ ነጥብ ነው። ከ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ቢልም አሁንም ጥቂት ነው። ተማሪ ሲመናመን ኮሌጆች ለተመዝጋቢ ይሻማሉ። ሻጭ ገዢ በሚለማመጥበት ጊዜ ደግሞ ገዢ ዓይኑን መግለጥ አለበት። የመግቢያ መሥፈርቱን ሳያሟላ የተመዘገበ ተማሪ ገንዘቡንም ዕድሜውንም ይከስራል።

ትልቁ ጥያቄ ግን ሦስተኛው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና 50 ከመቶ ያላመጣ ተመራቂ ዲግሪውን አያገኝም፤ ደግሞ መፈተን ግን ይችላል። በመጀመሪያው ፈተና ከመንግሥት ተቋማት 77,981 ተማሪዎች ተቀምጠው 48,632 አለፉ። ከግል ተቋማት ከተቀመጡት 72,203 ውስጥ ያለፉት 12,422 ነበሩ፤ 17.2 በመቶ መሆኑ ነው። አንድ አስመጪ ከመቶ ኮንቴይነር ሰማንያ ሦስቱ ጉምሩክ ቢቀርበት ያንን መስመር ዳግመኛ አይጠቀምበትም።

የግል ተቋማት ባለቤቶች መልስ አላቸው። ብዙ ተማሪዎቻቸው ቀን ሠርተው ማታ የሚማሩ ናቸው፤ ጥሩ ነጥብ ያመጣውንም መንግሥት ቀድሞ ይወስድባቸዋል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ምክንያቱ ለተማሪው ዲግሪ አይሆነውም። አማካዩም ጎበዙን ከሰነፉ ጋር በአንድ ሚዛን ያስቀምጣል፤ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንኳ አንዱ ክፍል ሲያሳልፍ ሌላው ሊጥል ይችላል።

መፍትሔው የገበያ መፍትሔ ነው። እያንዳንዱ የግል ዩኒቨርሲቲ በሬጅስትራሩ መስኮት ላይ ከክፍያው ጎን የየትምህርት ክፍሉን የመውጫ ፈተና ውጤት ይለጥፍ፤ ስንት ተፈተኑ፣ ስንት አለፉ። ጥሩ ዕቃ ያለው ነጋዴ ሚዛኑን አይደብቅም። ዩኒቲን የመሰሉ አንጋፎች ቢጀምሩት ሌላው ሳይወድ በግድ ይከተላል፤ ዝም ያለውንም ገዢው ያውቀዋል።

ወላጅም ቢሆን ሒሳቡን በአንድ ሴሚስተር አያስላ። ፍሬሽማን ተመልሶ ከመጣ ወዲህ አብዛኛው ዲግሪ አራት ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ክፍያው፣ ትራንስፖርቱ፣ ምሳው፣ ልጁ ሠርቶ ሊያገኝ ይችል የነበረው ደመወዝ አብሮ ይደመር። ርካሹ ክሬዲት አወር ዲግሪ ሳያስገኝ ከቀረ ከሁሉም የተወደደው እሱ ነው።