በመዝገብ ላይ «እንግዳ» ተብለናል

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጉዳይ ለአንዳንድ ጓደኞቻችን የኤንጂነሪንግ ፋኩልቲ ሥራ ይመስላቸው ይሆናል። የአርት ተማሪዎች በማያውቁት ገቡ የሚለንም አይጠፋም። ነገሩ ግን የሽቦና የኤሌክትሪክ ጉዳይ ሳይሆን የስም ጉዳይ ነው፤ ስለ ስም መጠየቅ ደግሞ ለእኛ የዘወትር ትምህርታችን ነው። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛው የሚነጋገርበት የመልእክት ፕሮግራም ሰውን ሁሉ በየዓይነቱ ከፍሎ ስም ያወጣለታል። አንዱን ባለቤት፣ አንዱን አባል፣ አንዱን እንግዳ ይለዋል። ስሙን የሚያወጣው ማን ነው? ስም የወጣለትስ ሰው ይነገረዋልን?

ነገሩ እንዴት እንደ ደረሰብን እንናገር። ባለፈው ክረምት ከመካከላችን አራት ሰዎች ለሥራ ልምምድ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ተልከን ነበር። ሥራችንም ለገበሬዎች የሚታደል አንድ መመሪያ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መመለስ ነው። መሥሪያ ቤቱ የሚነጋገረው በማይክሮሶፍት ቲምስ ስለሆነ በመጀመሪያው ቀን የየግላችንን የኢሜል አድራሻ ተቀብለው አስገቡን። ከየስማችን አጠገብ «እንግዳ» የሚል ቃል ተጽፎ አየን፤ አይተንም ደስ አለን። በአገራችን ልማድ እንግዳ ማለት እግሩ የሚታጠብ፣ ከመደቡ ላይ ከፍ ብሎ የሚቀመጥ፣ ቤት ያፈራው ሁሉ የሚቀርብለት ሰው ነውና። ስምንት ሳምንት ሠራን። ስለ አንድ የአፈር ዓይነት ስም ብቻ ሁለት ቀን በጽሑፍ ተከራክረናል። በመጨረሻው ዓርብ ማታ የእንግድነት መዝገባችን ተሰረዘ፤ ሰኞ ጠዋት ብናንኳኳ በሩ ተዘግቷል። የጻፍነው ሁሉ በእነሱ ዘንድ እንዳለ ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን አንድ መስመር እንኳ አልቀረም። መመሪያው በኋላ ያለ ስማችን ታትሞ ወጣ። ለምን ብለን ብንጠይቅ «መተርጐማችሁን የሚያሳይ የጽሑፍ ማስረጃ አቅርቡ» የሚል መልስ መጣ። ማስረጃው ያለው በዚያው በተዘጋው ቤት ውስጥ ነው!

ከዚያ ወዲህ ነው እነዚህን ዓይነቶች ማጥናት የጀመርነው።

በቲምስ ውስጥ ባለቤት የሚባለው ሰው ሌላውን የሚያስገባና የሚያስወጣ ነው። (በአማርኛችን ባለቤት ማለት ባል ወይም ሚስት ጭምር ስለሆነ ለአንድ ቡድን እስከ 100 ባለቤት ይፈቀዳል ሲባል ስቀናል።) አባል የሚባለው የመሥሪያ ቤቱ ሰው ነው። እንግዳ የተባለው በገባበት ቡድን ውስጥ ይጽፋል፣ ያነባል፣ ፋይል ይቀበላል፤ ነገር ግን የራሱን ቡድን ማቋቋም አይችልም፤ የመሥሪያ ቤቱንም የሰው መዝገብ እንደ አባሉ ገልጦ እንዳያይ ይከለከላል። ከእንግዳ ውጭ ደግሞ በሌላ ድርጅት ስም የሚጻጻፍ የውጭ ተገናኝ አለ፤ መልእክት ይልካል እንጂ ወደ ቡድኑ አይገባም። ስሙን ብቻ ጽፎ ለስብሰባ የሚመጣው ሰው ቦታ እንኳ የለውም፤ አስገቡት እስኪባል ድረስ በመግቢያው ላይ ይጠብቃል። አባቶቻችን ይህን ደጅ መጥናት ይሉት ነበር።

እንግዲህ እኛ ስምንት ሳምንት እንደ ሠራተኛ እየሠራን እንግዳ የተባልነው ስለ ምንድን ነው? አንደኛው ምክንያት ገንዘብ ይመስለናል። ለአባል ፈቃድ መከፈል አለበት፤ ለቲምስ እንግዳ ግን የተለየ ፈቃድ አይገዛም። ስላክ በሚባለው ፕሮግራም ይህ ነገር በግልጽ ተጽፏል፤ በአንድ ቻናል ብቻ የተወሰነ እንግዳ አይከፈልበትም፤ ሆኖም ለአንድ ክፍያ ላለው አባል ከ5 አይበልጥም። በብዙ ቻናል የሚገባው እንግዳ ግን እንደ አባል ይከፈልበታል። ስለዚህ «እንግዳ» የሚለው ቃል ስለ ሰውየው ማንነት የሚነግረን ጥቂት ነው፤ ስለ ሒሳብ ሹሙ የሚነግረን ግን ብዙ ነው።

ከዚህም የሚበልጥ አለ። በማይክሮሶፍት መዝገብ ውስጥ የሰው ዓይነት ከሰውየው ጋራ የተወለደ ነገር አይደለም። አስተዳዳሪው የሚሞላው አንድ መስመር ነው፤ «እንግዳ» የተባለው ነገ «አባል» ተብሎ ሊለወጥ ይችላል። ከውጭ መምጣት አንድ ነገር ነው፤ እንግዳ መባል ሌላ ነገር ነው። እኛን እንግዳ ያደረገን የአድራሻችን ጭራ ብቻ እንደሆነ ሲነገረን አምነን ነበር። እውነቱ ግን አንድ ሰው በዚያ መስመር ላይ ያን ቃል መርጦ ትቶታል፤ ወይም ተመርጦ ያገኘውን ሳይነካ አልፏል።

ቀድሞስ እንዲህ ነበርን? ከቲምስ በፊት መሥሪያ ቤቶች ይነጋገሩበት የነበረው ሊንክ የሚባለው ፕሮግራም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ስካይፕ ፎር ቢዝነስ ተባለ፤ የኢንተርኔቱ አገልግሎትም እ.ኤ.አ. ሐምሌ 31 ቀን 2021 ተዘጋ። በዚያ ፕሮግራም ውስጥ ሰው በመዝገቡ የያዛቸውን ሰዎች ራሱ በአምስት ይከፍላቸው ነበር፤ ወዳጅና ቤተሰብ፣ የሥራ ቡድን፣ ባልደረባ፣ የውጭ ሰው፣ የታገደ። ወዳጅና ቤተሰብ ያለው የቤቱን ስልክ ያያል፤ የሥራ ቡድኑ ይህን ባያይም «አትረብሹኝ» ተብሎ ሳለ እንኳ መልእክት ማስገባት ይችላል፤ የታገደው ከስምና ከኢሜል አድራሻ በቀር የሚያየው የለም። ያም ቢሆን አስተዳዳሪ ነበረው፤ የጠራ ነጻነት ነበር አንልም። ሆኖም ማን ለእኔ ምኔ ነው የሚለውን የሚወስነው በወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሠራተኛ ነበር። ይህ አከፋፈል ወደ ቲምስ አልተሻገረም።

ከዚያም በፊት እ.ኤ.አ. በ1999 ለሕዝብ የቀረበው ጃበር ነበረ፤ ሥርዓቱ በ2004 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ተጽፏል። በእሱ ሕግ ሁለት ሰዎች ከአራት በአንዱ ይገናኛሉ፤ እኔ አንተን አያለሁ፣ አንተ እኔን ታያለህ፣ እርስ በርስ እንተያያለን፣ ወይም ምንም አንተያይም። ለመታየት ፈቃድ ይጠየቃል። ከጉባኤው ክፍል የተባረረውንም ሰው መዝገቡ በግልጽ «የተገለለ» ይለዋል። ቃሉ ይጐመዝዛል፤ ነገር ግን እንግዳ ብሎ ከማሞገስ ይሻላል።

ከሥራ የወጣ ሰው የቤቱን ቁልፍ ይዞ ይሂድ ወይ የሚለን ይኖራል። አይሂድ፤ በዚህ ከአስተዳዳሪዎች ጋራ አንከራከርም። ምስጢር ያለበት መሥሪያ ቤት በሩን መዝጋቱ ተገቢ ነው። የምንለው ሌላ ነው። ሲገባ ምን ዓይነት ሰው ተብሎ እንደተጻፈ፣ መዝገቡም በየትኛው ቀን እንደሚሰረዝ ይነገረው፤ ሲወጣም በእጁ የጻፈውን ቅጂ ይሰጠው ነው። በአገራችን በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ ማየት እንዲችል መብት ይሰጣል። ስለ አፈር ስም የተከራከርንበት ጽሑፍ የግል ዳታ ይባላል ወይስ አይባልም የሚለውን ለሕግ ፋኩልቲ ጓደኞቻችን እንተዋለን፤ እነሱ መከራከር አይሰለቻቸውምና።

ይህን ሁሉ ዛሬ የምንጽፈው ግን ስለዚያ መሥሪያ ቤት ስንል ብቻ አይደለም። የተማሪዎች ኅብረታችን ራሱ የመነጋገሪያ ቡድን ለማቋቋም ረቂቅ አዘጋጅቷል፤ ረቂቁንም አንብበነዋል። የሥራ አስፈጻሚው ሰዎች ባለቤት፣ የየክፍሉ ተጠሪዎች አባል፣ የማታ ተማሪዎች ተጠሪዎች ደግሞ እንግዳ ይሆናሉ ይላል። ምክንያቱስ? የማታ ተማሪዎች የዩኒቨርሲቲው አድራሻ ስለሌላቸው ነው። ያው የአድራሻ ጭራ! መዋጮ የሚከፍሉ፣ ድምፅ የሚሰጡ፣ ቀን ሠርተው ማታ የሚማሩ ሰዎች በራሳቸው ኅብረት እንግዳ ሊባሉ ነው። ክረምቱ ሲመጣም መዝገባቸው ቢሰረዝ ስለ ክፍያና ስለ ፈተና ፕሮግራም የተሰጣቸው ተስፋ ሁሉ በማን ዘንድ ሊቀር ነው?

ለእያንዳንዱ የማታ ተጠሪ የዩኒቨርሲቲው አድራሻ እንዲሰጠው ኅብረቱ በደብዳቤ ይጠይቅ። ይህ እስኪሆን ድረስ ቡድኑ ባይቋቋም ይሻለናል፤ እስከ ዛሬ በማስታወቂያ ሰሌዳ ስንነጋገር ኖረናልና ጥቂት ወር ብንጨምር አንጐዳም። ባለቤቶቹም በምርጫ ማግሥት ለአዲሶቹ ተመራጮች ማስረከባቸው በረቂቁ ውስጥ ይጻፍ፤ አሁን ስለዚህ አንድም ቃል የለበትም።

ረቂቁ ለምክር ቤቱ የሚቀርበው ማክሰኞ ማታ በ12 ሰዓት ነው። የማታ ተማሪዎች በዚያ ሰዓት ክፍል ውስጥ ናቸው። ስብሰባው ወደ ቅዳሜ እንዲዛወር በጽሑፍ ጠይቀናል፤ የደብዳቤውንም ቅጂ ዘንድሮ በእጃችን አስቀርተናል።