መነጽሩን መቼ ላውልቅ?

የፍላቂት ልጅ የሆነ፥ በአዲስ አበባ የሚማር አንድ ወጣት እንዲህ ሲል ጽፎልናል። «ለለምጽ ሕመሜ ክኒን ከዋጥሁ በኋላ በአልትራ ቫዮሌት መብራት እታከማለሁ። ከመብራቱ ፊት ስቆም መነጽር ማድረጌስ ደግ ነው፤ ነገር ግን እስከ ማግሥቱ አታውልቅ ይሉኛል። ዓርብ በ8 ሰዓት ክኒኑን ውጬ ከታከምሁ በኋላ፥ ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ በአውቶቡስ ወደ አገሬ መሄዴ ነው። ጥቁር መነጽር አድርጌ አባቴ ፊት ብቆም ጠገበ እባላለሁ። ባወልቀውስ ምን አለ?»

ወንድሜ ሆይ፥ አታውልቅ። የምትውጠው ሶራሌን የሚባለውን ነው። ምንጩ በግብፅ፥ በዓባይ ዳር፥ የሚበቅል ተክል ሲሆን፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1940ዎቹ ዓመታት የካይሮው ዶክተር ኤል ሞፍቲ ለለምጽ ሕክምና አውለውታል። ሥራው ቆዳ ጨረሩን እንዲቀበል ማድረግ ነው። ነገር ግን ቆዳን ከዓይን አይለይም፤ በደም ተጉዞ ከብሌኑ በስተኋላ ወዳለው ሌንስ ይደርሳል። እዚያ ሳለ ጨረር ቢያገኘው ከሌንሱ ጋራ ይጣበቃል፤ ውሎ አድሮም የዓይን ሞራ እንዳያመጣ ይፈራል። ሕመም ስለሌለው ሰው አያስተውለውም።

ስለዚህ ክኒኑ ከተዋጠ ጀምሮ 24 ሰዓት በቀን ብርሃን ዓይን ይጠበቃል። ያለ ክኒን በመብራት ብቻ የሚታከም ሰው መነጽሩን በሕክምናው ክፍል ውስጥ ቢያደርግ ይበቃዋል፤ የእርሱን ትእዛዝ ለራስህ አትውሰድ።

እንግዲህ አስላው። ዓርብ በ8 ሰዓት የዋጥኸው ቅዳሜ በ8 ሰዓት፥ ገና መንገድ ላይ ሳለህ፥ ይፈታሃል። አንተ የፈራኸው ማታውን ነው፤ የሚያስፈራው ግን ጠዋት በአውቶቡሱ መስኮት አጠገብ መቀመጥህ ነው። መስተዋት ቆዳ የሚያቃጥለውን ጨረር ያስቀራል፤ ከክኒኑ ጋራ የሚሠራውን ግን አብዛኛውን ያሳልፈዋል። ሐኪምህ ከ24 ሰዓት የሚበልጥ ካዘዘህ ደግሞ የእርሱን ስማ፤ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ጨረሩ 10 ከመቶ ያህል ይጨምራል፤ የመቄት ደጋም ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። ብርዱ አያታልልህ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ፀሐይ በላሊበላ ሰማይ እንደ ቀለበት በታየች ጊዜ ሰው ዓይኑን ጠብቅ የተባለው ለአንድ ጠዋት ነበር፤ የአንተ ግን በታከምህ ቁጥር ነው።

ጨረርን የሚከለክለው የመነጽር ጥቁረት አይደለም። ጨረር የማያግድ ጥቁር መነጽር እንዲያውም ይብሳል፤ ጨለማው ብሌኑን ያሰፋዋልና። ነጭ ሆኖ የሚያግድ፥ ጎንና ጎኑም የተሸፈነ መነጽር አለ፤ በመምህራንህ ፊት ይህ ይሻልሃል። ከመሳፈርህ በፊት ለሚያክሙህ አሳያቸውና በመሣሪያ እንዲፈትኑልህ ጠይቅ።