እስር ቤቱን ሰው እያለበት ክፈቱልን

በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ማዕከላዊ ለሕዝብ ተከፈተ። አዎ፣ ያ ማዕከላዊ። ስሙ ሲነሳ ድምፃችንን ዝቅ እናደርግለት የነበረው፣ በአጠገቡ ስናልፍ ቀና ብለን የማናየው ግቢ። ሰዉ እየገባ ጠባቦቹን ክፍሎች አየ፣ በስልኩ ፎቶ አነሳ። እዚያው ታስረው የነበሩ ሰዎች የተኙበትን ጥግ ለማያውቀው አሳዩ። አይቶ ያለቀሰም ነበር።

መከፈቱ ጥሩ ነው፤ አልቃወምም። ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ማዕከላዊ የተዘጋው በ2010 ዓ.ም. ነው። እኛ የገባነው እስረኛው ከወጣ፣ መርማሪው ከሄደ፣ ወለሉ ከታጠበ በኋላ ነው። ሰው ሲገረፍበት በሩ ዝግ ነበር፤ የሚገረፍ ሰው ሲጠፋ በሩ ተከፈተ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

የዛሬው ክርክሬ አጭር ነው። እስር ቤት መጎብኘት ያለበት ሰው እያለበት ነው። የሚጎበኘውም ከእስር ቤቱ አለቃ ደመወዝ የማይቀበል፣ ከአለቃውም ፈቃድ የማይለምን ሰው መሆን አለበት። ሌላው ሁሉ ሙዚየም ነው።

ከዓለም በቃኝ እስከ ኅብረቱ ሕንፃ

በድሮው ከርቸሌ ግቢ ውስጥ፣ በእስር ቤቱ ውስጥ ሌላ እስር ቤት ነበረ። ስሙ ዓለም በቃኝ። ለምን እንዲህ እንደተባለ ማብራራት አያስፈልግም፤ ስሙ ራሱ ሪፖርት ነው። የንጉሡ ባለሥልጣናት ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት የተረሸኑት በዚያ ግቢ ነው። ደርግ ሲወድቅ ደግሞ የደርግ ሹማምንት እዚያው ታሰሩ።

ዛሬ ዓለም በቃኝ የለም። ፈርሶ በቦታው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቆሟል። የኅብረቱ አካል የሆነው የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2002 ማሰቃየትን ለመከላከል ያጸደቀው መመሪያ አለ፤ የሮበን ደሴት መመሪያ ይባላል። እስረኛ ያለበትን ቦታ ሁሉ የሚጎበኙ ገለልተኛ አካላት ይኑሩ ይላል። እንግዲህ የአህጉሩ መሪዎች በየዓመቱ የሚሰበሰቡት ከዚያ እስር ቤት መሬት ላይ ነው። ከወለሉ በታች ያለው ታሪክ መመሪያው ለምን እንደተጻፈ ይናገራል። የሚሰማው ግን ጥቂት ነው።

ቂሊንጦ የጠየቀን ጥያቄ

ቅዳሜ ነሐሴ 28 ቀን 2008 ዓ.ም. ከቂሊንጦ ጭስ ወጣ። ተኩስም ተሰማ። ቂሊንጦ በዋናነት የቀጠሮ እስረኛ የሚቆይበት ቦታ መሆኑን አትርሱ፤ ማለትም አብዛኛው ሰው ገና ያልተፈረደበት። መንግሥት መጀመሪያ የሞተው አንድ ሰው ነው አለ። ከቀናት በኋላ ቁጥሩ 23 ሆነ፤ 21ዱ በጭስ ታፍነውና ተረጋግጠው፣ ሁለቱ ደግሞ ሊያመልጡ ሲሉ ተብሎ ተነገረን። ቤተሰብ ልጁ ከየትኛው ቁጥር ውስጥ እንዳለ ሳያውቅ ከግቢው ደጅ ወደ ሆስፒታል ደጅ ሲመላለስ ሰነበተ።

እስቲ ቀላል ቀላሉን እንጠይቅ። በአንድ ቤት ውስጥ ስንት ሰው ተኝቶ ነበር? ቤቱ ስንት በር ነበረው? እሳቱ ሲነሳ ቁልፉ በማን እጅ ነበር? በሩ ከስንት ደቂቃ በኋላ ተከፈተ? የእሳት ማጥፊያ ነበረ? የተኮሰው ማን ነው? ማንስ አዘዘው?

እነዚህ የፖለቲካ ጥያቄዎች አይደሉም። ማንኛውም ሲኒማ ቤት ወይም ሆቴል የሚጠየቃቸው ናቸው። አንድ ትልቅ ልዩነት ግን አለ። ከሲኒማ ቤት ሰው ሮጦ ይወጣል፤ ከእስር ቤት ግን ሌላ ሰው ካልከፈተለት አይወጣም። የሰውን ቁልፍ የያዘ የሰውን ነፍስ ይዟል። ስለዚህ ከየትኛውም ሕንፃ በላይ በሮቹ ቀድመው መቆጠር ያለባቸው የእስር ቤት በሮች ናቸው።

ቀጥሎ ምን ሆነ? በቃጠሎውና በሞቱት ሰዎች ጉዳይ 38 እስረኞች ተከሰሱ። ከተከሳሾቹ መካከል ወደ ሸዋሮቢት ተወስደን ተደበደብን ብለው ለችሎት ያመለከቱ ነበሩ። ያኔ ነው ፍርድ ቤቱ የሰብዓዊ መብት ኮሚሽኑ ጉዳዩን እንዲያጣራ ያዘዘው። ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ። መጀመሪያ ሰው ሞተ። ከዚያ የተረፈው ተከሰሰ። የውጭ ዓይን የተጠራው ከዚያ በኋላ ነው። ከዓመት በፊት አንድ ሰው ገብቶ በሮቹን ቢቆጥርና ቁጥሩን በአደባባይ ቢጽፍ ኖሮ፣ ቢያንስ የምንጣላበት ወረቀት በእጃችን ይኖር ነበር።

ክትትል በምሳ ዕቃ

ለነገሩ ገለልተኛ ተቆጣጣሪ ኖሮን ያውቃል። እናቶቻችን።

ከንጋቱ ተነስታ ስንቅ ቋጥራ፣ ሁለት ታክሲ ለውጣ፣ ተሰልፋ፣ ተፈትሻ የምትገባው እናት ከየትኛውም ኮሚቴ በላይ ታውቃለች። ምሳ ዕቃው ሳይነካ ከተመለሰ ልጇ ታሟል፣ ወይም ጨለማ ቤት ገብቷል። ለማጠብ የተላከው ሸሚዝ ላይ ደም ካለ የሆነውን ገባት። «እዚህ የለም» ከተባለች ደግሞ ከእስር ቤት እስር ቤት ፍለጋ ልትጀምር ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 የታሰረ ሰው ክብሩ ተጠብቆ እንዲያዝ፣ የትዳር ጓደኛው፣ ዘመዱ፣ ወዳጁ፣ የሃይማኖት አማካሪው፣ ሐኪሙና ጠበቃው እንዲጠይቁት መብት ሰጥቷል። በተግባር ግን አገሪቱ የምትከታተለው በምሳ ዕቃ ነው። እናት የሌለውስ? ቤተሰቡ ከክፍለ ሀገር የመጣውስ? እሱን የሚከታተለው የለም።

በሌላ በኩል የሹማምንት ጉብኝት አለ። ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተነዋል። ቀኑ አስቀድሞ ይታወቃል። ግድግዳው ይቀባል፤ የዚያን ቀን ወጡ ይወፍራል። የቤቱ ካቦ ማን ምን እንደሚናገር ያስጠናል። ኃላፊው ከእንግዶቹ ጎን ጎን ይሄዳል፤ እስረኛው «ችግር አለብህ?» ተብሎ የሚጠየቀው ነገ ብቻውን የሚያገኘው ጠባቂ እየሰማ ነው። መጨረሻ ላይ አያያዙ «አበረታች» ይባላል። ሂውማን ራይትስ ዎች በ2010 ዓ.ም. ስለ ጄል ኦጋዴን ባወጣው ሪፖርት የቀድሞ እስረኞች የተናገሩት ከዚህም የከፋ ነው፤ ጎብኚ ሲመጣ ጉዳታቸው የሚታይ ሰዎች ይደበቁ ነበር፣ ደፍሮ የተናገረም ይቀጣ ነበር። ያ የጂግጂጋ እስር ቤት ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። እሱም ባዶ ሲሆን ነው የታየው።

በዚያው ዓመት በሰኔ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ፓርላማ ቀርበው እስረኛ መግረፍና ጨለማ ቤት መክተት መንግሥት ራሱ የፈጸመው ሽብር እንደነበር አመኑ። ለማመናቸው ምስጋና ይገባል። ግን ያ ፓርላማ እኮ በየዓመቱ ይሰበሰብ ነበር፤ የማረሚያ ቤቶችን ሪፖርት ሰምቶ ያጨበጭብ ነበር። አድራጊው እስኪናዘዝ ድረስ ምንም ማወቅ የማይችል ተቆጣጣሪ፣ እሱ ተቆጣጣሪ ነው?

አንዲት ሴት ደሴቱን ስትጎበኝ

በ1954 ዓ.ም. ኮልፌ መጥተው ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት ኔልሰን ማንዴላ አገራቸው ተመልሰው ወዲያው ታሰሩ፤ 27 ዓመትም ታሰሩ። ከዚያ ውስጥ 18ቱን ያሳለፉት ሮበን ደሴት ላይ ነው። ደሴት ነው፣ በባሕር የተከበበ ነው፣ የአፓርታይድ መንግሥት ነው። ከዚህ በላይ የተዘጋ በር የለም። እ.ኤ.አ. በ1967 ግን ሔለን ሱዝማን የተባሉ የተቃዋሚ የፓርላማ አባል ደሴቱን ጎበኙ። ማንዴላ የእስር ቤቱ አለቆች ባሉበት ቅሬታቸውን ነገሯቸው፤ እጁ ላይ የናዚ ምልክት ስለተነቀሰ አንድ ጠባቂም ጭምር። ሴትዮዋ ሄደው ጉዳዩን አነሱት። ጠባቂው ብዙም ሳይቆይ ከደሴቱ ተነሳ።

አንድ ጉብኝት አፓርታይድን አልጣለም። አንድ ጨካኝ ሰው ግን ከእስረኞች ጀርባ ላይ አነሳ። ለታሰረ ሰው ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቀው የእስረኞች አያያዝ ደንብ በማንዴላ ስም የተሰየመው በከንቱ አይደለም። ደንቡ እስር ቤት ሁለት ዓይነት ቁጥጥር ይኑረው ይላል፤ የውስጥም፣ ከእስር ቤቱ አስተዳደር ነፃ የሆነ የውጭም። የውጭዎቹ ተቆጣጣሪዎች የትኛውን እስር ቤት እንደሚያዩ ራሳቸው ይመርጣሉ። ሳያስታውቁ ይገባሉ። ማንን እንደሚያናግሩ ራሳቸው ይወስናሉ፤ የሚያናግሩትም ጠባቂ በሌለበት ነው። መዝገብ ያያሉ። ከእያንዳንዱ ጉብኝት በኋላ በጽሑፍ ሪፖርት ያቀርባሉ፤ ሪፖርቱም ለሕዝብ እንዲወጣ ይታሰብበታል። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ጉብኝቱ ሽርሽር ይሆናል።

«ግን እኮ…»

አንደኛው መልስ ይታወቃል። «እነዚህ አደገኛ ሰዎች ናቸው፤ ጥበቃው ጥብቅ የሆነው በምክንያት ነው።» ይሁን። ተቆጣጣሪው ቁልፍ አልጠየቀም፤ አጥሩን ዝቅ አድርጉ አላለም። የጠየቀው ውስጥ ያለው ሰው ስንት እንደሆነ፣ መታመሙንና መታከሙን፣ መደብደብ አለመደብደቡን ነው። ጥበቃው በጠበቀ ቁጥር የሚያይ ሰው ይቀንሳል፤ ስለዚህ ተቆጣጣሪ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው እዚያ ነው። ደግሞም ጠባቂው ራሱ እዚያው ግቢ ይውላል፣ ያድራል። እሳት ዩኒፎርም አይመርጥም። ያላደረገውን አደረገ የሚባል ጠባቂም ንጹሕ መሆኑን የሚመሰክርለት የውጭ ሰው ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው፦ «ወንጀለኞች ናቸው፤ ምን አገባን?» ያልተፈረደበት ወንጀለኛ አይባልም። የተፈረደበትም ቢሆን ዳኛው የፈረደው ዓመት ነው። ጭስ አልፈረደም፤ ዱላ አልፈረደም።

ሦስተኛው ጠንከር ያለ ነው፦ «የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን አለ አይደል?» አለ። በአዋጅ ቁጥር 210/1992 ተቋቁሟል፤ ማሻሻያው፣ አዋጅ ቁጥር 1224/2012፣ ያለ ቅድመ ማስታወቂያ እስር ቤት የመጎብኘት ሥልጣን ሰጥቶታል። ከማሻሻያው ወዲህ የወጡት ሪፖርቶች ከድሮው የተሻሉ መሆናቸውን መካድ ንፉግነት ነው። ግን ሪፖርቱ ምክር ነው። ኃላፊው ተቀብሎ መሳቢያ ውስጥ ቢከተው ማን ይጠይቀዋል? በር ላይ ያለ ፖሊስ «አልታዘዝኩም» ብሎ ኮሚሽኑን ቢመልሰው ምን ይቀጣል? መብት በሕግ ተጽፎ በተግባር ካልተከበረ በዘበኛ ፈቃድ የሚኖር መብት ነው።

አራተኛው ሉዓላዊነት ነው። ኢትዮጵያ ማሰቃየትን የሚከለክለውን ዓለም አቀፍ ስምምነት የተቀበለችው በ1986 ዓ.ም. ነው። በየእስር ቤቱ መደበኛ ጉብኝት እንዲኖር የሚያስገድደውን፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣውን ተጨማሪ ፕሮቶኮል ግን አላጸደቀችም። ፕሮቶኮሉ ፈረንጅ ብቻ ይግባ አይልም፤ እያንዳንዱ አገር የራሱን ብሔራዊ ተቆጣጣሪ ያቋቁም ነው የሚለው። የራሳችን ሰው የራሳችንን እስር ቤት ቢያይ የሚደፈረው የማን ሉዓላዊነት ነው?

ነግ በኔ

የኢትዮጵያ ታሪክ አሳሪን ታሳሪ ማድረግ ይወዳል። የንጉሡን ሰዎች ያሰሩት በተራቸው እዚያው ከርቸሌ ገቡ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የደኅንነትና የማረሚያ ቤት ኃላፊዎች የነበሩ ሰዎች በካቴና ሲያዙ አየን። ዛሬ ገለልተኛ ክትትልን የሚገፋ ባለሥልጣን ነገ ለራሱ የሚያስፈልገውን በር እየዘጋ ነው። እኛም በየተራው «ይገባቸዋል» የምንል ወጣቶች ተራው ሲዞር የት እንደምንቆም አናውቅም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይሄን ነው። ተጨማሪው ፕሮቶኮል ይጽደቅ። ኮሚሽኑን በር ላይ የሚመልስ ሰው በሕግ ይቀጣ። እያንዳንዱ ምክረ ሐሳብ በተወሰነ ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ ያግኝ፤ መልሱም ከሪፖርቱ ጋር ለሕዝብ ይውጣ። በእስር ቤት ሰው ሲሞት ምርመራው ከማረሚያ ቤቱም ከፖሊስም ውጭ በሆነ አካል ይካሄድ፤ ቤተሰብም ስሙን ከወሬ ሳይሆን ከኃላፊው አፍ በዚያው ቀን ይስማ። የበሩ፣ የአልጋውና የሰዉ ቁጥር በየዓመቱ ይታተም።

ሌላ ሙዚየም አንፈልግም። ከዓመታት በኋላ በሌላ ባዶ ግቢ ውስጥ ተሰልፈን «ለካ እንዲህ ነበር» ማለት ሰልችቶናል። አሁን፣ ይህን በምታነቡበት ሰዓት፣ ከውጭ በተቆለፈ በር ጀርባ የተቀመጠ ሰው አለ። እሱ እያለ ክፈቱት።