ዩኒፎርም የማይለብሰው የጦር ሰፈር ኃላፊ

አዲስ አበባ፤ በደቡባዊ የአዲስ አበባ ክፍል የሚገኘው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በ1995 ዓ.ም በአዲስ መልክ ሲዋቀር የሁለት ነባር ሰፈሮችን ስም አጣምሮ ነበር የተሰየመው። ከሁለቱ አንዱ የሆነው ንፋስ ስልክ መጠሪያውን ያገኘው ያለ ሽቦ መልእክት ከሚያስተላልፍ የሬዲዮ ጣቢያ ነው። የዘመኑ ሰው በዓይን የማይታየውን ሞገድ በንፋስ ላይ የሚሄድ ስልክ አድርጎ ተረዳው፤ ስሙም በዚያው ጸንቶ ቀረ። በእንዲህ ዓይነቱ ጣቢያ ከሩቅ የሚታየው ምሰሶው ነው። ነዳጁን የሚመዘግበው፣ ሞተሩን የሚያስነሳውና ቅጥሩን የሚያስጠግነው ሰው ግን ብዙ ጊዜ አይታወስም።

ይህ መዘንጋት በጦር ሰፈሮች ላይ ይበልጥ ይጎላል። ስለ ጦር ሰፈር ሲወራ ስለ ሠራዊቱ ብዛት፣ ስለ አዛዡ ማዕረግና ስለ ትጥቁ ዓይነት ይነገራል። ሰፈሩን በየዕለቱ ለኑሮ የተመቸ አድርጎ የሚያቆየው የሳይት ሥራ አስኪያጅ ወይም የካምፕ አስተዳዳሪ ግን ሲቪል በመሆኑ ከዘገባው ውጪ ይሆናል። የዚህ ሰው ተግባር ውጊያ አይደለም። ውሃ፣ መብራት፣ ነዳጅ፣ ምግብ፣ ፍሳሽ ማስወገድ፣ የሕንጻ ጥገናና የሥራ ተቋራጮች ውል የሚመሩት በእርሱ ነው። አዛዡ ስለ ግዳጁ ሲያስብ እርሱ ስለ ሮቶው ያስባል። ጄኔሬተሩ በሌሊት ቢቆም፣ ቦቴው በሰዓቱ ባይደርስ፣ በአገራችን መሥሪያ ቤቶች አነጋገር በሞዴል 19 ገቢ የሆነው ናፍጣ በሞዴል 22 ወጪ ከተደረገውና በእጅ ካለው ጋር ባይመሳከር፣ አስቀድሞ የሚጠየቀው እርሱ ነው።

ሲቪል ሰው በወታደራዊ ጉዳይ ውስጥ ቦታ ያለው መሆኑ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 87 የመከላከያ ሚኒስትር ሆኖ የሚሾመው ሰው ሲቪል እንደሚሆን ደንግጓል። ከላይ በሚኒስትሩ ደረጃ የተቀመጠው ይህ መርህ የፖለቲካ ቁጥጥርን የሚመለከት ነው። ከታች በሰፈሩ ግቢ ያለው የሲቪል ሥራ ደግሞ የሙያ ጉዳይ ነው። ሁለቱ አንድ ባይሆኑም አንዱ ሲጓደል ሌላውም መላላቱ አይቀርም፤ የውሃና የነዳጅ መዝገብ በእጁ የሌለ ሲቪል አስተዳደር ቁጥጥሩ በወረቀት ላይ ብቻ ይሆናልና።

በአገሪቱ የቅርብ ታሪክ በሲቪል ሙያተኞች ብዛትና ሚና ከሚጠቀሱት ጣቢያዎች ቀዳሚው በአስመራ የነበረው የቃኘው ጣቢያ ነው። አሜሪካውያን ጣሊያን ያቋቋመችውን ራዲዮ ማሪና በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ በ1935 ዓ.ም ተረክበው ለመገናኛ ሥራ ማዋል ጀመሩ። በግንቦት 1945 ዓ.ም በተፈረመው የ25 ዓመት ስምምነት መሠረት አጠቃቀሙ ሕጋዊ መልክ ያዘ። ጣቢያው ወደ ኮሪያ የዘመተውን የቃኘው ሻለቃ ስም ተሸከመ። ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር ከፍ ብሎ መገኘቱና ለምድር ወገብ መቅረቡ ለሬዲዮ ሞገድ ተስማሚ አድርጎት ነበር። ሆኖም ለአስመራ ነዋሪ ቃኘው በአንቴናው ብቻ የሚታወቅ አልነበረም፤ ለሜካኒኩ፣ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ ለምግብ አብሳዩና ለጸሐፊው የእንጀራ ምንጭም ነበር።

የሳተላይት መገናኛ ሲስፋፋ የጣቢያው ሥራ እየቀነሰ መጣ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የጥገናው ሥራ በውል ወደ ተቀጠሩ ሲቪል ቴክኒሻኖች ዞረ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም ከእነዚህ ቴክኒሻኖች ሁለቱ አሜሪካውያን በታጣቂዎች ታግተው ተወሰዱ። ዩኒፎርም አለመልበሳቸው አላዳናቸውም። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም ደግሞ ደርግ ጣቢያውን ከሌሎች የአሜሪካ ተቋማት ጋር እንዲዘጋ አዘዘ፤ የተሰጠው ጊዜ የቀናት ብቻ ነበር። ስምምነቱ ሊያበቃ የቀረው አንድ ዓመት ያህል ብቻ ቢሆንም ከዚያ ቀድሞ ተቋረጠ። ይህን መሰል ድንገተኛ መዘጋት ለዲፕሎማቶች የአንድ ደብዳቤ ጉዳይ ነው። ለሳይት ኃላፊው ግን የንብረት ቆጠራ፣ የደመወዝ ሒሳብ፣ የተቋራጮች ዕዳና የቁልፍ ርክክብ በጥቂት ቀናት የሚጠናቀቁበት አስጨናቂ ሥራ ነው።

የሲቪል ድጋፍ መቋረጥ አንድን የሰላም ተልእኮ እስከ ማፍረስ እንደሚደርስ በግልጽ የታየው ግን በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል በተሰማራው የተባበሩት መንግሥታት ተልእኮ ላይ ነው። ተልእኮው በሐምሌ 1992 ዓ.ም ሲቋቋም አነስተኛ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ እስከ 4 ሺህ 200 ወታደሮች እንዲያሰማራ ተፈቀደለት። ሰፈሮቹ 25 ኪሎ ሜትር ስፋት ባለው ጊዜያዊ የጸጥታ ቀጣና ውስጥና ዙሪያ ተበትነው ነበር። እያንዳንዱ የጥበቃ ጣቢያ በውሃ ቦቴ፣ በናፍጣና በሄሊኮፕተር የሚኖር ነበር ማለት ይቻላል።

የአስመራ መንግሥት በመስከረም 1998 ዓ.ም የተልእኮውን የሄሊኮፕተር በረራ አገደ። በኅዳር ወር የአሜሪካ፣ የካናዳና የአውሮፓ አገሮች ዜጋ የሆኑ የተልእኮው ባልደረቦች በአሥር ቀናት ውስጥ አገሩን ለቀው እንዲወጡ አዘዘ። ከእነዚህ መካከል ሲቪሎች ነበሩባቸው። ይህ ሁሉ ሆኖ ተልእኮው ቆስሎም ቢሆን ቀጠለ። ያቆመው ናፍጣ ነው። ከኅዳር 2000 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ የነዳጅ አቅርቦቱ ተቋረጠበት። ቅኝቶች ተቀነሱ፤ ጄኔሬተሮች የሚሠሩበት ሰዓት አጠረ። በየካቲት ሠራዊቱ ወደ ኢትዮጵያ እንዲሻገር ቢወሰንም ድንበሩን ማለፍ የቻሉት ተሽከርካሪዎች ጥቂት ነበሩ። ምግብ የሚያቀርበው ኩባንያም አቅርቦቱን መቀጠል እንደማይችል አስታወቀ። በመጨረሻ ወታደሮቹ አስመራ ተሰባስበው ወደየአገራቸው ተመለሱ። በሐምሌ 2000 ዓ.ም የጸጥታው ምክር ቤት ተልእኮውን አበቃ።

ከዚህ ሁኔታ ሊጤን የሚገባው ነገር አለ። ተልእኮውን ያሽመደመደ አንድም ውጊያ አልነበረም። ታንክ አልተተኮሰበትም። በየሰፈሩ የነዳጅ መለኪያውን ዘንግ እያየ “የቀረን ለዚህን ያህል ቀን ነው” ብሎ የሚጽፈው ሲቪል ሠራተኛ የተልእኮውን መጨረሻ ከጸጥታው ምክር ቤት አስቀድሞ ያውቀው ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። የአስመራ መንግሥት ፖለቲካዊ ዓላማውን ለማሳካት የመረጠው መሣሪያ የሎጂስቲክስ መሣሪያ ነበር፤ ሰፈሮቹም በአንድ ምንጭ ላይ የተንጠለጠሉ በመሆናቸው መሣሪያው ሠራ።

ሁለተኛው ምሳሌ ከአፍሪካ ውጪ ቢሆንም ጉዳዩን ከማንኛውም በላይ ያብራራል። በጥቅምት 2003 ዓ.ም በሄይቲ ሚረባሌ በምትባል ከተማ አቅራቢያ የኮሌራ ወረርሽኝ ተቀሰቀሰ። በዚያ የኔፓል ወታደሮች የሚኖሩበት የተባበሩት መንግሥታት ሰፈር ነበር። ዋና ጸሐፊው ያቋቋሙት የባለሙያዎች ቡድን በሰፈሩ የመጸዳጃና የመታጠቢያ ክፍል የቧንቧ ዝርጋታው የተዝረከረከ እንደነበረና ንጹሑና ቆሻሻው ሊቀላቀሉ የሚችሉበት ሁኔታ እንደነበረ አረጋገጠ። ፍሳሹን የሚያነሳው ተቋራጭ የሚደፋው ክፍት ጉድጓድ ውስጥ ሲሆን፣ ዝናብ ሲጥል ጉድጓዱ ወደ ወንዙ ሊሞላ ይችል ነበር። ከ800 ሺህ በላይ ሰዎች ታመሙ፤ 10 ሺህ ገደማ ሞቱ። ዋና ጸሐፊው ባን ኪ ሙን ለሄይቲ ሕዝብ ይቅርታ የጠየቁት በኅዳር 2009 ዓ.ም፣ ስድስት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው።

አንድ የፍሳሽ ጉድጓድ፣ አንድ የተቋራጭ ውል፣ ማንም ሄዶ ያላየው አንድ የመድፊያ ቦታ። እነዚህ ሁሉ በሳይት አስተዳዳሪ የሥራ ዝርዝር ውስጥ የሚገኙ ተራ ነገሮች ናቸው። ውሉ ፍሳሹ “ከግቢ ይነሳል” ይል ይሆናል። ከግቢ ወጥቶ የት እንደሚደፋ መጠየቅ ግን የአስተዳዳሪው ፈንታ ነው። ሥራውን የጥበቃና የጽዳት ሠራተኛ መቆጣጠር ብቻ አድርገው የሚመለከቱ ወገኖች ይህን ሊያስተውሉ ይገባል።

ርክክብም እንዲሁ ነው። ኢትዮጵያ ወታደሮቿን ያሰማራችበት የዳርፉሩ የጋራ ተልእኮ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም ካበቃ በኋላ ሰፈሮቹ ለሲቪል አገልግሎት እንዲውሉ ለሱዳን ባለሥልጣናት ተላለፉ። የመጨረሻው የኤል ፋሸር የሎጂስቲክስ ሰፈር ከተላለፈ ብዙም ሳይቆይ፣ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም ተዘረፈ። ለትምህርትና ለጤና ይውላሉ የተባሉት ቁሳቁሶች ተበታተኑ። በወረቀት ላይ የተፈረመ የርክክብ ሰነድ ማግስቱን ግቢውን ማን እንደሚጠብቅ ካልመለሰ ዋጋ እንደሌለው ያሳየ አጋጣሚ ነበር።

በሕግ በኩል የሲቪሉ ሁኔታ ውስብስብ ነው። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው ሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት ሠራዊትን የሚያጅቡ ነገር ግን የሠራዊቱ አባል ያልሆኑ ሰዎችን፣ ለምሳሌ ስንቅ አቅራቢዎችንና የሠራዊቱን ደህንነት የሚንከባከቡ ሠራተኞችን በስም ጠቅሶ፣ ቢማረኩ የጦር ምርኮኛ መብት ይሰጣቸዋል፤ ለዚህም ከሠራዊቱ ፈቃድ ያገኙና የመታወቂያ ወረቀት የያዙ መሆን አለባቸው። እነዚህ ሰዎች በጠብ በቀጥታ እስካልተሳተፉ ድረስ ሲቪል ናቸው፤ ሆን ተብሎ ኢላማ ሊደረጉ አይገባም። የሚሠሩበት ግቢ ግን ወታደራዊ ኢላማ ነው። ሕጉ ሰውየውን ይጠብቀዋል እንጂ የተቀመጠበትን ቢሮ አይጠብቀውም።

ጉዳዩ ለአዲስ አበባ በተለይም እንደ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ላሉ ክፍለ ከተሞች የሚኖረው ትርጉም ከዚህ ይነሳል። ኢትዮጵያ ከኮሪያና ከኮንጎ ጀምሮ እስከ ሩዋንዳ፣ ቡሩንዲ፣ ላይቤሪያ፣ ዳርፉርና አብዬ ድረስ ሠራዊቷን አሰማርታለች። በ2000ዎቹ አጋማሽና በኋላ ከ8 ሺህ በላይ ሰላም አስከባሪዎችን በማሰማራት ከዓለም ቀዳሚ የሆነችበት ጊዜም ነበር። ከጥር 2006 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ በሶማሊያ የአፍሪካ ኅብረት ኃይል አባል ሆና ሠርታለች፤ ለዚህ ኃይል ምግብ፣ ነዳጅና ውሃ የሚያደርሰው የተባበሩት መንግሥታት የድጋፍ መሥሪያ ቤት አብዛኛውን ሥራ በሲቪል ሠራተኞችና ተቋራጮች የሚያከናውን ነው። ወታደሩን ያበረከተች አገር ሰፈሩን የሚያስተዳድረውን ሲቪልም ማበርከት ትችላለች፤ ደመወዙ፣ ልምዱና የሙያ ክብሩ ሊቀርባት የሚገባ አይደለም።

መነሻው በክፍለ ከተማው ውስጥ አለ። ከጎተራ እስከ ሳሪስ በተዘረጋው መንገድ ግራና ቀኝ ያሉ ጋራዦችና ወርክሾፖች ጄኔሬተር የሚፈቱ፣ ፓምፕ የሚጠግኑ፣ ታንከር የሚበይዱ ሙያተኞችን አፍርተዋል። የንፋስ ስልክ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅም በቴክኒክ ሙያ ያሠለጥናል። እነዚህ ሙያተኞች የእጅ ጥበብ አያንሳቸውም። አንድ ጎበዝ የኤሌክትሪክ ባለሙያ የሳይት ኃላፊ ለመሆን የሚጎድለው ሌላ ነው፦ የውል አንቀጽ ማንበብና ማስከበር፣ የነዳጅ ፍጆታን በየቀኑ መዝግቦ ለሁለት ወር ቀድሞ መገመት፣ የፍሳሽና የውሃ ደህንነት ምርመራን መረዳት፣ ከአዛዥ ጋር በአክብሮት ግን ያለ ፍርሃት መነጋገር። የመጨረሻው ከሁሉም ይከብዳል። ኮሎኔል ፊት ቆሞ “ይህ ጉድጓድ ካልተዘጋ ፊርማዬን አላኖርም” የሚል ሲቪል ሥልጣኑ በጽሑፍ የተሰጠው ካልሆነ በቀር ሊገኝ አይችልም።

ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ የሚቀጠሩ ዜጎች ውላቸውን ሲፈርሙ ከደመወዙ መጠን ባሻገር ሊመለከቱት የሚገባ አንቀጽም አለ። ሰፈሩ ጥቃት ቢደርስበት ወይም በአንድ ሳምንት ውስጥ እንዲዘጋ ቢታዘዝ ሲቪሉን ከስፍራው የሚያወጣው ማን ነው? የጉዳት ካሳውን የሚከፍለው ቀጣሪው ተቋራጭ ነው ወይስ ተልእኮው? የቃኘው ቴክኒሻኖችና ከአስመራ በአሥር ቀን እንዲወጡ የታዘዙት የተልእኮው ባልደረቦች የገጠማቸው ይኸው ነው። ጥያቄዎቹ በውሉ ላይ በስምና በአድራሻ ካልተመለሱ መልሱን የሚሰጠው በዕለቱ በር ላይ የቆመው ዘብ ይሆናል።