ከተረኛው ሐኪም እስከ በር ጥበቃው፣ አብረን እንቀመጥ

በጨርጨር ከተሞች፣ ከጭሮ እስከ ሂርና፣ ከበዴሳ እስከ ገለምሶ፣ ሰው ሲሞትብን ጠሪ አንጠብቅም። እንደ እድር ያለው አፎሻችን ይሰበሰባል፤ ጎረቤት ሥራውን ትቶ ይመጣል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይቆማል። ለቀብር እንዲህ የምንሰበሰብ ሰዎች፣ ሞቱን ለማስቀረት አብረን መቀመጥ አያቅተንም።

ጥሪው በሆስፒታልና በጤና ጣቢያ ለምንሠራ ሁሉ ነው። አንዲት እናት በደም መፍሰስ ስትሞት፣ ወይም ለጥቂት ስትተርፍ፣ አዋላጇ የምታውቀው አለ፤ የላቦራቶሪ ባለሙያው የሚያውቀው አለ፤ ቃሬዛውን ከተሸካሚዎች የተቀበለው ጥበቃ የሚያውቀው አለ። የአምቡላንሱ ሾፌር ዳገቱ ስንት ሰዓት እንደፈጀበት ያውቃል። የጽዳት ሠራተኛዋ ደም ሊያመጣ የሄደው ሰው መቼ እንደተመለሰ አይታለች። አምስቱ ካልተገናኙ እውነቱን ቆራርሰን ወደየቤታችን እንገባለን።

አገራችን እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የእናቶችን ሞት የሚከታተልና ምላሽ የሚሰጥ ሥርዓት ዘርግታለች፤ መሠረቱም ስም አለማንሳት፣ ሰው አለመክሰስ ነው። ይህን ማመን ይከብደን ይሆናል። ግምገማ ሲባል ተነሥቶ መወቀስ የለመደ ትውልድ ነን፤ ፍርሃታችንም ያለምክንያት አይደለም። ስለዚህ የክፍሉ ኃላፊ «ማን አጠፋ?» የሚለውን ጥያቄ ከበር ያስቀርልን። የት ዘገየን? ምን ጎደለን? ምን እንለውጥ? እነዚህን እንጠይቅ፤ ኃላፊውም ከሁሉ በፊት ራሱ ይመልስ።

መዘግየት በሦስት ቦታ ያገኘናል፤ ቤት ውስጥ ለመወሰን፣ መንገድ ላይ ለመድረስ፣ ከደረሱ በኋላ ሕክምና ለማግኘት። በመጀመሪያው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ይደክማሉ። ዳገቱን እኛ አንደለድለውም። ሦስተኛው ግን የእኛ ነው፤ ሙሉ በሙሉ የእኛ።

በቀዶ ሕክምና ክፍልማ አብሮ የመነጋገር ልምዱ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው የደህንነት ዝርዝር መሠረት፣ ታካሚው ከክፍሉ ሳይወጣ መሣሪያው ይቆጠራል፣ የተበላሸው ዕቃ ይነገራል፣ ስለ ማገገሚያው ቡድኑ ይነጋገራል። ይህ ልምድ ወደ ማዋለጃው፣ ወደ ሕፃናት ክፍሉ፣ ወደ ድንገተኛው ይሻገር።

በአገር አቀፍ ጥናቶች ከ100,000 በሕይወት የሚወለዱ ሕፃናት አንጻር የሚሞቱት እናቶች እ.ኤ.አ. በ2000 871 ነበሩ፤ በ2016 ወደ 412 ወርደዋል። ያ በአንድ ሰው ጀግንነት አልመጣም፤ የቀረውም በአንድ ሰው አይወርድም።

የአፎሻ ሽማግሌዎችም ከእኛ ጋር ናችሁ። ደም ለመለገስ ፈቃደኛ የሆኑ አባሎቻችሁን መዝግቡልን፤ እናት ይዛችሁ ስትመጡ ያያችሁትን ጉድለት ሳትፈሩ ንገሩን።

እኛም ነገ ጠዋት፣ የሌሊቱ ተረኛ ለቀኑ ሲያስረክብ፣ ጥቂት ደቂቃ እንቀመጥ። አንድ ነገር ብቻ እንወስን፤ ማን እንደሚፈጽመውና እስከ መቼ እንደሆነ በመዝገብ ይስፈር፤ የሚቀጥለው ስብሰባም «ያ ነገር ተፈጸመ ወይ?» ብሎ ይጀምር።