ላጲስ የሌለው መስመር

ሮማናት አደባባይን ቁልቁል ከሚያሳይ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጠናል። ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ ባጃጁ ይዞራል፣ ሰዉ በሰዉ ላይ ይተላለፋል። የአሥራ ሁለት ዓመቷ የእህቴ ልጅ ታብሌቷ ላይ ባጃጅ እየሳለች ነው። እየሳለች አልኩ እንጂ ሥዕሉስ ፈቀቅ አላለም። የጣሪያውን መስመር ታሰምራለች፣ ታጠፋለች፤ ታሰምራለች፣ ታጠፋለች። አሥራ ሰባት ጊዜ ስታጠፋ ቆጠርኩ። ማኪያቶዬ ቀዘቀዘ።

«ለምን ወደ ጎማው አታልፊም?» አልኳት።

«ቢበላሽብኝስ አክስቴ?»

ይህች ልጅ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው በቆዩባቸው ዓመታት ምክንያት ፊደል ዘግይታ የቆጠረች ናት። ዛሬ የምትማረው በዕድሜ ከሚያንሷት ልጆች ጋር ነው። ሌላው ልጅ በሳቅ የሚያልፈው ስህተት እሷን ያሸማቅቃታል። የዚህን ወር ገጻችንን ለእሷና እሷን ለመሰሉ ልጆች አድርጌዋለሁ፤ «እኔ እንኳን ሥዕል ቀጥ ያለ መስመርም አይወጣልኝ» ለምንል ወላጆችም ጭምር።

ከቁም ጸሐፊው እንማር

ታብሌት ደግ መሣሪያ ነው፤ የተሳሳተውን በአንድ ንክኪ ይመልሳል፣ አንዳንዱ መተግበሪያ የእጅን መንቀጥቀጥ ሳይቀር ያቃናል። ችግሩ ደግነቱ ላይ ነው። እጃችን ማድረግ ያለበትን ማሽኑ ሲሠራለት እጅ አይለምድም። አባቶቻችን ግን መስመርን የተማሩት ይቅርታ በማያውቅ መሣሪያ ነው።

ዓድዋ አቅራቢያ ባለው የአባ ገሪማ ገዳም በፍየል ብራና ላይ የተጻፉና በሥዕል ያጌጡ ጥንታዊ ወንጌሎች አሉ። በካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ የተዘጋጁ መሆናቸው ታውቋል። በዚሁ ሙያ የቆየው ቁም ጸሐፊ መጀመሪያ ብራናውን በወስፌ ያሰምራል። መቃውን ቀርጾ ብርዕ ያደርጋል፤ ጥቁር ቀለሙን ከጥላሸትና ከሙጫ ያዘጋጃል። ከተሳሳተ ብራናውን በስለት መፋቅ ሊኖርበት ነው፤ የተፋቀው ቦታ ደግሞ ምልክት አያጣም። ስለዚህ ብርዑ ብራናውን ከመንካቱ በፊት መስመሩ በጸሐፊው ልብ ውስጥ አልቋል።

ይህ የእኛ ብቻ ጥበብ አይደለም። ሆላንዳዊው ሠዓሊ ቪንሰንት ቫን ጎግ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1888 በደቡብ ፈረንሳይ፣ በአርል ከተማ ሳለ በአካባቢው ከሚበቅል መቃ ብርዕ ቀርጾ እርሻውንና የአትክልት ቦታውን በነጠብጣብና በአጫጭር መስመር ስሏል። የእኛው እስክንድር ቦጎሲያን ደግሞ ዘመናዊ ሥዕሎቹን የሠራው በሸራ ላይ ብቻ ሳይሆን በፍየል ብራና ላይም ነው።

ከቤታችን የሚገኙ ሦስት መሣሪያዎች

ከሰል። ከቡናው ምድጃ፣ ጠፍቶ የቀዘቀዘ፣ ከቀጭን እንጨት የከሰለ ቀላል ስባሪ ምረጡ። ጠንካራው ወረቀት ይቧጭራል። ትልቅ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፋችሁ ቆማችሁ ሳሉ። ከሰል በጣት ጫፍ ለሚሠራ ጥቃቅን ነገር አይመችም፤ ክንዳችሁን ከትከሻ እንድታንቀሳቅሱ ያስገድዳችኋል። ረጅምና የማይቆራረጥ መስመር የሚወጣውም ከትከሻ ነው።

መቃ ብርዕ። እርሳስ የሚያህል የደረቀ መቃ ወይም ሸንበቆ ወስዳችሁ ጫፉን በሰያፍ ቁረጡት፤ መሃሉን በስሱ ሰንጥቁት። ቢላውን የሚይዘው አዋቂ ይሁን። ጥቁር የሥዕል ቀለም ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር ይገኛል። ብርዑ ጥቂት ቀለም ብቻ ስለሚይዝ መስመሩ ቶሎ ያልቃል፤ የት ጀምራችሁ የት እንደምታቆሙ ቀድማችሁ መወሰን አለባችሁ። ብርዑን ስታዞሩት ያው ጫፍ አንዴ ቀጭን፣ አንዴ ወፍራም መስመር ይሰጣችኋል።

ቡና። የተረፈውን አቦል አጣሩና መጠኑ እስኪያንስ ድረስ አንተክትኩት፤ ደስ የሚል ቡናማ ቀለም ይወጣዋል። በለስላሳ ብሩሽ ሞክሩት። ጫን ስትሉ ይወፍራል፣ ቀለል ስታደርጉት ይቀጥናል። ቶናና በረካ ደግሞ ፈዘዝ ያለውን ጥላ ይሠራሉ። ቀለሙ እንዳይሻግት ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት፤ ማንም እንዳይጠጣው ምልክት አድርጉበት!

የአሥራ አምስት ደቂቃ ልምምድ

መጀመሪያ ወረቀት ላይ ሁለት ነጥብ አራርቃችሁ አስቀምጡ። ወረቀቱን ሳትነኩ እጃችሁን ከአንዱ ወደ ሌላው ሁለት ሦስት ጊዜ አመላልሱ። ከዚያ ዓይናችሁን መድረሻው ነጥብ ላይ ተክላችሁ በአንድ ትንፋሽ አስምሩ። ብርዑን የሚያይ ሰው መስመሩ ይንቀጠቀጥበታል፤ መድረሻውን የሚያይ ግን ይቀናዋል።

ቀጥሎ ጀበናችሁን ፊታችሁ አስቀምጡና በሦስቱም መሣሪያዎች ሳሉት። አንገቱ፣ ሆዱ፣ እጀታው እያንዳንዳቸው በአንድ መስመር ይውጡ፤ በአጫጭር ጭረት አትደባብሱት። ብርሃን ያረፈበትን ጎን ቀጭን፣ ጥላ የወደቀበትንና መሬት የነካውን ወፍራም አድርጉት። ጀበናው ያኔ ክብደት ይኖረዋል፤ እንደተቀመጠም ያስታውቃል።

ሕጉ አንድ ነው፤ ላጲስ የለም። መስመሩ ከሳተ ትክክለኛውን ከጎኑ አስምሩ፣ የሳተውንም እዚያው ተዉት። ወረቀቱ ጥግ ላይ ቀን ጻፉና አስቀምጡ። ከወር በኋላ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ጎን ለጎን ስታዩ ልዩነቱን ማንም ሳይነግራችሁ ታውቁታላችሁ። ልጃችሁ ሲስል ደግሞ «ጠማማ ነው» ከማለት «ከየት ወደ የት ልትወስደው ፈልገህ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እኔና የእህቴ ልጅ ወደዚያው በረንዳ ተመለስን። ቀለሙን ያየው አስተናጋጅ የጠረጴዛውን ጨርቅ አነሳብን፤ አልፈረድንበትም። ልጅቷ መቃዋን ነክራ አደባባዩን ትክ ብላ አየች፣ እጇን በአየር ላይ ሁለት ጊዜ አመላለሰች፣ ከዚያ አሰመረች። ጣሪያው ጎበጠ። ዓይኗ በጠረጴዛው ላይ ላጲስ ፈለገ፤ የለም። ትንሽ ቆየችና ከጎኑ ሌላ መስመር ሠራች።

«ሁለተኛው ይሻላል» አለችና ወደ ጎማው አለፈች።

ሁለት ጣሪያ ያለው ባጃጅ አሁን ፍሪጃችን ላይ ተለጥፏል።